ከምሰሶው ወዲያ

አርባ ሦስት ካሴት አለኝ፣ ከሙዚቃ ቤት የተገዛ አንድም የለ፤
ሽፋን የለው፣ ፎቶ የለው፣ ስሙ በእስክሪብቶ የተሳለ።
"ይኼ ሁሉ ሳል፣" ትላለች ሚስቴ፣ "ይኼ ሁሉ የወንበር ሲጢጥታ፣
ምኑ ሙዚቃ ነው? የቅዳሜ ገበያ ጫጫታ!"
እውነቷን ነው።
እኔ ግን የሰበሰብኩት ሳሉን ብዬ ነው፣
ከበሮ መቺው ዱላው አምልጦት በባዶ እጁ ሲደልቀው፣
ዘፋኙ ግጥሙ ጠፍቶት በ"እህም" ሲሞላው፣
ከኋላ አንዱ ሰካራም ሲሳደብ፣ ሌላው "ዝም በል!" ሲለው።
ስቱዲዮ የተቀዳው ንጹሕ ነው፤ ነውር የለበት፤
ግን ማንም አላላበውም፣ ማንም ወንበር ላይ አልወጣበት።

ሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ የካቲት፣ ደብረ ማርቆስ፤
ባንዱ ከአዲስ አበባ መጥቶ፣ ሰዓት እላፊ ሳይደርስ
ሊጨርስ፣
አዳራሹ ጢም ብሎ እስከ በር፣
ጊታሩ ዝግባ እንደሚጥል መጋዝ ሲያጓራ፣ ሲሰብር፣
እኔ ከምሰሶው ወዲህ፣ በአባቴ ካፖርት ተከልዬ፣
የወባ ማጥፊያውን ቴፕ ከዘበኛው ተውሼ፣ በጉያዬ አዝዬ፣
ፀሐይ ላይ አስጥቼ ነፍስ የዘራሁባቸው አራት የባትሪ ድንጋይ
እንዳይከዱኝ ስማፀን፣ ያቺን ቀይ መብራት ደጋግሜ ሳይ።

ሌሎቹ ዝም አሉ። የጊታሩ ልጅ ብቻውን ዳገት ጀመረ፤
ከበሮው ከሥሩ እየተከተለ፣ ጣቱ ወደ ላይ፣ ወደ ላይ በረረ፤
ጫፉን ሊረግጥ ሲል
መብራት ጠፋ።

ከበሮው አላቆመም። ሰዉ በጭብጨባ ተቀበለው፤
በጨለማው አንዱ በፉጨት ጊታሩ የጣለውን አነሣው፣
አሳሳተው፣ አጎበጠው፣ የጎጃም አደረገው።
አሥራ አንድ ደቂቃ! ስንቴ በሰዓት ለክቼዋለሁ።
ከዚያ አምፑሉ ብልጭ፣
ጊታሩ ሊቀጥል ሲል፣ ቴፔ ቀጭ!
ክሩ አለቀ።

ያችን ጫፍ ፍለጋ ሃያ ስድስት ዓመት።
ለሹፌር ደብዳቤ ሰጠሁ፤ ዳንግላ፣ ቢቸና፣ ሞጣ ሄድኩኝ፤
"አለኝ" ያለኝን ሁሉ አመንኩኝ።
አንዱ የሠርግ ዘፈን ሸጠኝ፤ አንዱ ስብከት ቀድቶበት ደረስኩበት፤
አንዱማ ክሩን መዝዞ፣ ማሽላው ላይ ወጥሮ፣ ወፍ ሲያባርርበት አገኘሁት።

በመጨረሻ አንድ የባጃጅ ልጅ፣ "ፍኖተ ሰላም፣" አለኝ፣ "ሰዓት ሠሪው አንሙት፣
የዚያን ዘመን ጉድ ሁሉ አለው፤ በጥይት ሣጥን ቆልፎበት።"
ጅጋ ላይ በአውቶቡሱ መስኮት የተቀቀለ ድንች ሲያስገቡብኝ
አልገዛሁም። እጄ ላብ ነበር።

አንሙት ይርሳው፣ ሞተሩ እንዳይደክም፣ በእስክሪብቶ አጠነጠነ፤
ለካ ከምሰሶው ወዲያ ነበር የቆመው። ያው ሌሊት ሆነ፦
ያው ከበሮ፣ ያው ጨለማ፣ ጭብጨባው ቀርቦ፣ ፉጨቱ ርቆ፤
ጊታሩ መጣ፤ ዳገቱን ያዘ፤ ጫፉ ላይ ሊወጣ ቧጥጦ፣ ተጨንቆ፣
ያኔ
"መጣ! መጣ! መጣ!"
አንድ የጎረምሳ ጉሮሮ አዳራሹን ሰነጠቀው፣
ጊታሩን ዋጠው።

አንሙት ቴፑን አጠፋ። "ሰማኸው?" አለኝ፣ "ይኼን ባለጌ?
ሃያ ስድስት ዓመት ረገምኩት። ስንት ተጠንቅቄ፣ ስንት ሸሽጌ!"

ዝም አልኩ።
ጉሮሮውን እንዴት አላውቀው?
ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው፤ የአባቱን ካፖርት ለብሷል፤
ቴፑ ማለቁን ገና አላወቀም፤ መብራት መምጣቱ ብቻ ደስ ብሎታል።
በዚያ ዓመት ጮክ ብሎ ደስ ማለት እንደዋዛ አልነበረም፤
ረስቼው ነበር።

"እስቲ መልሰው፣" አልኩት።
"ጊታሩን?"
"እሱንም።"

በግልባጩ አርባ አራት ሞላኝ። ማታ እስክሪብቶ አንሥቼ
ጻፍኩበት፦ "ማርቆስ፣ የካቲት ሰባ አምስት። ጊታር።
ከምሰሶው ወዲያ። ባለጌው አለበት።"